ጠላው ውጭ አገር ነው

ሲዋጉ የኖሩ ሁለት ነገሥታት ታርቀው አገር ሲካፈሉ፣ ድንበሩ በአንዲት ጠላ ሻጭ ቤት መሀል አለፈ። ድንበር እንዲያካልሉ የተላኩት ፊታውራሪ ወንዳፍራሽ በሳሎኑና በጓዳው መካከል ገመድ አስወጠሩና፣ «ከገመዱ ወዲህ የእኛ አገር፣ ጓዳሽ የዚያኛው ንጉሥ ነው። ያለ ንጉሡ ፈቃድ የተሻገረ ይገረፋል» አሏት።

ሴትዮዋ ጓዳዋን አየት አደረገች።

ፊታውራሪ በፀሐይ ሲለኩ ውለው ጉሮሯቸው ደርቋል። ቁና ቁና እየተነፈሱ መደቡ ላይ ተቀመጡና፣ «በይ እስቲ ጠላ ቅጂልኝ» አሏት።

እሷም እጅ ነስታ፣ «ጌታዬ፣ ጋኑ ያለው ውጭ አገር ነው፤ ብሻገር እገረፋለሁ። ለዚያኛው ንጉሥ መልእክተኛ ይላኩና ያስፈቅዱልኝ። ጠላው ሳይሆመጥጥ ፈቃዱ ከደረሰ፣ መጀመሪያ የምቀዳው ለእርስዎ ነው» አለቻቸው።

ፊታውራሪ ምራቃቸውን ዋጡና ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። «ገመዱን በጓሮ በኩል አዙሩት።»