በገደል አፋፍ የተጠየቀው ዳኛ

አንድ ዳኛ ነበር። የሚተረክለት ነገር የደረሰው በ1998 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ፣ ክረምቱ ቀኑን ሳይጠብቅ ደመናውን አስቀድሞ በላከበት ዓመት ነው። ዳኛው በከተማው ውስጥ ፍርዱ የታመነ፣ ቃሉ የተከበረ ሰው ነበር። አንዲት ብሥራት የምትባል ልጅ ነበረችው። ብሥራት ለእህል ነጋዴው ለዘርጋው የበኩር ልጅ ታጭታ፣ ሽማግሌ ተልኮ ቃል ታስሮ፣ ሠርጉ ክረምቱ ሲወጣ ሊሆን ተቀጥሮ ነበር።

ዳኛው ማንም የማያውቀው አንድ ደዌ ነበረበት፤ ከፍታ ይፈራል። ፍርድ ቤቱ ወደ አዲሱ ፎቅ የተዛወረ ጊዜ፣ «ባለጉዳይ ደረጃ እየወጣ አይንገላታ» ብሎ ምድር ቤት ያለውን ጠባብ ክፍል ለራሱ መረጠ። ሕዝቡ ይህን ሰምቶ ትሕትናውን አደነቀ። እርሱም ምስጋናውን ዝም ብሎ ተቀበለ። ፍርሃት ለረጅም ዘመን እንደ ትሕትና ተቆጥሮ ሲኖር፣ ባለቤቱ ራሱ እውነተኛ ስሙን ይረሳዋል።

ነጋዴው ዘርጋው የልጁን አማት ለማክበር አሰበ። ለዳኛ ድግስ ምን ብርቅ ነው ብሎ ሌላ ነገር ፈለገ። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ጥልቅ ሸለቆ አለ፤ ፓርክ ተብሎ ከተከለለ ወዲህ አስጎብኚዎች ጥቂት ጥቂት ሰው እየያዙ ጠዋት ያስገባሉ፣ ማታ ይመልሳሉ። ዘርጋው ዳኛውንና ብሥራትን ወደዚያ ጋበዘ። ሙሽራውን ሥራ ስለያዘው ዘርጋውና ሚስቱ ትርንጎ ሁለቱን ይዘው ሊሄዱ ሆነ። በአገሩ ልማድ ከሠርግ በፊት የመጣን የዘመድ ግብዣ መመለስ፣ ዝምድናውን እንደ መናቅ ይቆጠራል። ዳኛው ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ሲነጋ ባርኔጣውን አጠለቀ።

አስጎብኚያቸው ይግዛው የሚባል፣ በሸለቆው ዳር የተወለደ ጎልማሳ ነበር። አፋፉ ላይ ሲደርሱ መሬቱ ድንገት አለቀ። ከታች ወንዙ ከነጠላ የተመዘዘ ክር መስሎ ይታያል፤ ንስሮች የሚያንዣብቡት ከሰዎቹ እግር በታች ነው። ዳኛው ይህን ሲያይ ምድር ወደ ፊት ያዘነበለች መሰለው። ሌሎቹ ወደ ጠርዙ ሲጠጉ እርሱ ስለ ዐለቱ ዕድሜ እየጠየቀ ከአስጎብኚው ኋላ ቆመ። ትርንጎ ግን ጨዋታ አላቋረጠችም። ሣር የሚነጩ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ባየች ጊዜ፣ ፀጉሩን አጎፍሮ ብቻውን የተቀመጠውን አውራ ለብሥራት እያሳየች፣ ይህ የሙሽራው አጎት ነው፣ ለሠርጉ ጥሪ ካልደረሰው ይቀየማል አለቻት። ሁሉም ሳቁ። ዳኛውም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ፀሐይ ሰማዩ መካከል ላይ ስትደርስ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው በላይ በላይ፣ በሜዳው ዞሮ ወደ መኪናው ይመልሳል። ሁለተኛው ወርዶ የአገሬው ሰው «ጎን ሂድ» በሚለው ስፍራ ያልፋል፤ ይህም ከገደሉ ወገብ ላይ የተቀረጸ መደርደሪያ የሚመስል ጠባብ መተላለፊያ ነው። በዚያ የሚያልፍ ሰው ደረቱን ወደ ዐለቱ፣ ጀርባውን ወደ ባዶው ሰጥቶ በጎን ይራመዳል። ከማዶው ፏፏቴውን ፊት ለፊት ያያል። ይግዛው ሰዎቹን አስቀምጦ ይህን ሁሉ አስረዳ። ከዚያ ወደ ሰማዩ ቀና ብሎ፣ መልሶ ዳኛውን ተመለከተ።

«መፍራት አያሳፍርም» አለ። «ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ ካልወደደ፣ ሁላችንም በላይኛው እንመለሳለን። ጋሼ፣ ታላቅ እያለ ታናሽ አይጠየቅምና ከእርስዎ ልጀምር። ምን ይላሉ?»

ዳኛው የሁሉንም ፊት አየ። የዘርጋው ፊት እንደ ወትሮው የተረጋጋ ነው። ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያጠበቀች ነው። ብሥራት የጫማዋን ማሰሪያ ትመለከታለች። በዚያች ቅጽበት ዳኛው የገደሉን ጥልቀት ከአንድ ሌላ ጥልቀት ጋር አመዛዘነ፤ የልጁ አማቶች ፊት «ፈራሁ» ብሎ መታየትን። ይህኛው በለጠበት።

«እንሂድ እንጂ» አለ። «እዚህ ድረስ የመጣነው ለምን ሆነና።»

ዘርጋው ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡር ዳኛ ካሉ ምን ቀረ» አለ።

«ሽማግሌው ካልፈሩ እኔ ኮረዳዪቱ ልፍራ?» አለች ትርንጎ።

ብሥራት ከጫማዋ ቀና ሳትል፣ «አባዬ ካለ» አለች።

ይግዛው እንደገና ወደ ሰማዩ ተመለከተና ወደ መተላለፊያው አፍ ይዟቸው ወረደ። ከዚያ ገመዱን ከትከሻው አወረደ፤ አንዱን ጫፍ ከወፍራም የሾላ ሥር ጋር አስሮ ሌላውን እየዘረጋ ቀደመ። ትርንጎ ተከተለችው፤ ከእርሷ ኋላ ዘርጋው፣ ከዘርጋው ኋላ ዳኛው፣ በመጨረሻ ብሥራት ሆኑ።

ዳኛው ጉንጩን ዐለቱ ላይ ለጥፎ ተራመደ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር፤ የገዛ ልቡ ምት ከድንጋዩ ውስጥ ይሰማው ነበር። ከኋላው ምንም የለም። ያ ምንም ግን ክብደት ነበረው፤ ልብሱን ይዞ ይጎትተዋል። ወደ ታች ላለማየት ዓይኑን ሲጨፍን ይበልጥ ይወዛወዛል፤ ሲገልጥ ከእግሩ ተረከዝ በታች አየሩ ሲጨስ ያያል። ጉም ከሸለቆው እየተነሣ ነበር። ይግዛው ከፊት ሆኖ ሁሉም ደህና መሆናቸውን ጠየቀ። ሁሉም በየተራ ደህና ነኝ አሉ። ዳኛውም ደህና ነኝ አለ። ድምፁ የረጋ ስለ ነበር ራሱ ደነገጠበት፤ በችሎት ፊት እንዲህ በረጋ ድምፅ የዋሹትን ሰዎች አስታወሰ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ጣለ፤ ወዲያው ውኃ ከላይ በዐለቱ ላይ ይንቆረቆር ጀመር። ይግዛውና ትርንጎ ወደ ማዶው ሰፊ ስፍራ ደርሰው ነበር። ዘርጋው ግን በመካከል ቆመ። ዳኛው ሰውየው ፏፏቴውን ለማየት የቆመ መሰለው፤ ቀና ብሎ ሲያየው የዘርጋው ዓይኖች ተከድነዋል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዳኛው አንድ ቃል ሊናገረው አፉን ከፈተ። ምን እንደሚለው ሳያውቅ የዘርጋው እግር ሸሸ። ሰውየው አልጮኸም። ገመዱ ከእጁ ወጣ፤ እርሱም ከሁለት ሰው ቁመት በታች ባለ የቁጥቋጦ እርከን ላይ ወደቀ። አጥንት ሲሰበር እስከ ላይ ተሰማ።

ከእርከኑ በታች ጉም ብቻ ነበር። ዘርጋው ቢንፏቀቅ ያበቃለታል። ይግዛው በገደሉ ተመልሶ መጣ፤ መውረድ ይችላል። ነገር ግን የዐለቱ ከንፈር ስለት ስለ ሆነ፣ ገመዱ እንዳይቆረጥ ከላይ ሆኖ ከጠርዙ አንሥቶ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። ለስፍራው የቀረበው ዳኛው ነው። ይግዛው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት እንዲመጣ ለመነው። የዳኛው እግር ግን የእርሱ አልነበረም። ከታች የዘርጋው ማቃሰት ይሰማል፤ ከማዶ ትርንጎ ሁለት እጇን በአፏ ላይ ጭና ዳኛውን ትመለከታለች።

«አባዬ፣ ተራመድ» አለች ብሥራት ከኋላው።

«አልችልም» አለ ዳኛው። «ፈርቻለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ፈርቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለችው። «እኔም ፈርቻለሁ።»

ይግዛው ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «እንግዲያው ይቀመጡ ጋሼ» አለ። «ለቆመ ሰው ነው ጠባብ። ቁጭ ብለው በመቀመጫዎ ይንፏቀቁ፤ ልጅዎ ቀበቶዎን ትያዝ።»

ዳኛው ተቀመጠ። በጭቃው ላይ እንደ ሕፃን እየተንፏቀቀ ወደ ፊት ሄደ። ብሥራትም ተቀምጣ ቀበቶውን ያዘች። ገመዱን ከስለቱ ላይ አንሥቶ በጭኑ ላይ አሳለፈና በሁለት እጁ ጨበጠው። እየተንቀጠቀጠ ያዘ፤ እያለቀሰ ያዘ፤ ነገር ግን አልለቀቀም። ይግዛው ወርዶ ዘርጋውን ከቁጥቋጦው ጋር አሰረው፤ የተሰበረውን እግር በእንጨት ደገፈው። የትርንጎን ጩኸት የሰሙ የአቅራቢያው መንደር ሰዎች ቃሬዛ ይዘው እስኪደርሱ ድረስ ዳኛው ከዚያ ስፍራ አልተነቃነቀም።

እዚያ ተቀምጦ ሳለ ነው ነገሩ የበራለት። እርሱ በሚመራው ችሎት ዳኞች ሐሳብ ሲሰጡ ከታናሹ ይጀመራል፤ ታላቁ ዳኛ ሁሉን ሰምቶ በመጨረሻ ይናገራል። ከአባቶች የወረደ ወግ ነው። አዳዲስ ዳኞች ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ ታላቅ ከተናገረ በኋላ የሚናገር ታናሽ የራሱን ሕሊና ሳይሆን የታላቁን ቃል ይደግማል እያለ ያስተምራቸው ነበር። በሰው ገንዘብና በሰው ነጻነት ላይ ሲፈርድ ያልዘነጋውን ወግ፣ በሰው ነፍስ ላይ ሲጠየቅ ዘነጋው። እርሱ «እንሂድ» ባለ ጊዜ የተሰጠው ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ የቀረው ማስተጋባት ነው።

ዘርጋው ዳነ። አንድ እግሩ ግን አጠረ፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜም ከዘራ አልተለየውም። ሠርጉ ለጥር ተላለፈ። በሠርጉ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጦ እንግዶች ሲጠይቁት፣ ለሙሽራዋ በጥሎሽ እግሬን ሰጥቻለሁ፣ ከእንግዲህ ሌላ አትጠይቁኝ እያለ ያስቃቸው ነበር። ዳኛውን አንድ ቀን እንኳ ወቅሶት አያውቅም። ዳኛው ግን ከዘራው መሬት ሲነካ በሰማ ቁጥር ያችን «እንሂድ እንጂ» ያለባትን ቅጽበት ይሰማ ነበር።

ይህን የምታነብ ወዳጄ ሆይ፣ ታላቅን ማስቀደም መልካም ወግ ነው። በማዕድ ይቅደም፤ በመቀመጫ ይቅደም፤ በምርቃት ይቅደም። አደጋ በቀረበበት ምክር ግን ታላቅ ይዘግይ። ታላቅ ሰው ቀድሞ ሲናገር የሚሰጠው ሐሳቡን ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹንም አፍ ይዘጋል። ይሉኝታ በሰላም ቀን ጌጥ ነው፤ በገደል አፋፍ ግን ከኋላ የሚገፋ እጅ ነው። ፈራሁ ያለ ሰው ተቀምጦም ቢሆን ገመድ ይይዛል፤ አልፈራሁም ያለ ፈሪ ግን ቆሞ መንገድ ይዘጋል። አንተ በቤትህ፣ በመሥሪያ ቤትህ ወይም በማኅበርህ «እንሂድ» ባልክ ጊዜ «እሺ» ብለው ከተከተሉህ መካከል፣ አስቀድመው ተጠይቀው ቢሆን «እንመለስ» የሚሉህ ስንቶቹ ነበሩ?

ዳኛው ጡረታ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ይግዛው ለጉዳይ ወደ ከተማ መጥቶ ሊጠይቀው ገባ፤ ሲጨዋወቱም ያን ዕለት ያልነገራቸውን ነገረው። እነርሱ ከመምጣታቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አብሮ አደግ ጓደኛው፣ እርሱም አስጎብኚ የነበረ፣ ከዚያው ከጎን ሂድ በዝናብ ተንሸራትቶ ሞቶ ነበር። ይግዛው ከዚያ ወዲህ እነርሱን ይዞ እስከ ሄደባት ዕለት ድረስ ስፍራውን አልረገጠውም ነበር፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሽበታሙን ሰው የጠየቀውም ስለ ክብሩ ብቻ ሳይሆን፣ ይህ ሽማግሌ በእርግጥ «እንመለስ» ይልልኛል ብሎ ነበር።