ጋሽ ዘውገ ያልበሉት ከረሜላ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ተረት ላውራላችሁ። የዛሬዋ ተረት ላምም በረትም የላትም። ያላት አንድ ስልክ፣ አንድ ውሻ፣ አንድ ግማሽ ሹሩባና ሦስት ከረሜላ ነው። መሀል ላይ «ይሄንንማ ብለኸዋል» የሚለኝ ካለ ከአሁኑ ይውጣልኝ፤ ይቺ ተረት ካልተደጋገመች አትጥምም።

ጋሽ ዘውገ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። «ልጃችሁን ለልጃችን» ብሎ በመለመን በዚያ ከተማ የሚስተካከላቸው ሽማግሌ አልነበረም። አርባ ጎጆ በአንደበታቸው አቁመዋል። ታዲያ የስኳር ሕመም አለባቸው። ልጃቸው ማህሌት የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ነጭ መለኪያ ክንዳቸው ላይ ለጥፋላቸዋለች። መለኪያዋ በሰውነታቸው ያለውን ስኳር ሌት ተቀን እየለካች ለስልካቸው ትነግራለች፤ ስልኩ ደግሞ ቁጥሩን፣ መውጣት መውረዱንም በቀስት ያሳያል፣ ከሰማንያ ሲወርድም ይጮሃል። ከጮኸ ቶሎ ጣፋጭ መቅመስ ነው። ካልቀመሱ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ከዚያ መውደቅ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገርም። ስለዚህ ኪሳቸው ከከረሜላ ተለይቶ አያውቅም።

አንድ እሁድ ጠዋት ጋሽ ዘውገ የኢንሱሊን መርፌያቸውን ተወግተው፣ ከቁርሳቸው ገና ሁለት ጉርሻ እንደጎረሱ፣ አቶ ሙላት በሩን አንኳኩ። የአቶ ሙላት የወንድማቸው ልጅ ሚልኪያስ ትርሲት የምትባል ልጅ ወዶ፣ ሽማግሌ ሊልክላት ነው። «ሽማግሌ በጠዋት ነው የሚያምርበት፤ ቁርሱ ይደርሳል» አሉ። ሦስተኛውን ሽማግሌ ጉንፋን አስቀራቸው። ሁለቱ ተያይዘው ሄዱ። ጋሽ ዘውገ በጥድፊያው መነጽራቸውን ስለረሱ፣ ቁጥሩን እንዲያነቡላቸው ስልካቸውን ለአቶ ሙላት ሰጧቸው።

የትርሲት አባት አቶ ተክሌ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢሏቸው «መቆሙ ይሻለናል» ብለው ከበሩ ገባ ብለው ቆሙ፤ ለማኝ ሽማግሌ ሳይሰጠው አይቀመጥማ። ጋሽ ዘውገ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ልጃችሁን ትርሲትን ለልጃችን ለሚልኪያስ እንድትሰጡን ብለው ልመናውን አወረዱት፣ አሳመሩት። እዚያ ላይ ቢያበቁ ምን ነበረበት? የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንደሚባለው፣ አፋቸው አርባ ጊዜ የለመደውን ለአርባ አንደኛ ጊዜ አለው። «እሺታችሁን ሳልሰማ በዚህ ጣራ ሥር እህል ውሃ በአፌ አይዞርም» ብለው በፈጣሪ ስም ማሉ። ይሄን መሐላ የለመዱት ጤነኛ ሳሉ ነው።

መሐላው ከአፋቸው ሲወጣ ስልኩ ጮኸ።

«ሰባ ዘጠኝ» አሉ አቶ ሙላት። «ቀስቱም ወደ ታች ነው። ጋሼ፣ ከረሜላዎን ይብሉ እንጂ።»

ጋሽ ዘውገ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሦስቱም ከረሜላ አሉ። ኪሱ ክፍት ነው፤ የተዘጋው አፋቸው ነው። «ምያለሁ» አሉ።

«እንግዲያው ውጭ ወጥተው ይብሉ።»

«ለምኖ መልስ ሳይዝ የወጣ ሽማግሌ ጉዳዩን ጥሎ ወጣ ነው የሚባለው። የልጆቹን ትዳር በከረሜላ ልጣለው?»

አቶ ሙላት ወደ አባትየው ዞሩ። «አቶ ተክሌ፣ እባክዎ እሺ ይበሉን።»

አቶ ተክሌ ጨነቃቸው። ልጁን አልጠሉትም። «ልጄን በመጀመሪያ ቀን ልመና ብሰጥ አገር ምን ይለኛል? በር ላይ ይዘዋት ሲጠብቁ ነበር አይለኝም? ደግሞስ ያሳደገችኝ እህቴ በእሺታ ራሷን ሳትነቀንቅ እኔ እሺ ያልኩበት ቀን የለም» አሉ።

ይኸው ጣጣው ተጀመረ። ከረሜላ አይበላ አፍ ካልተከፈተ፤ አፍ አይከፈት አባት እሺ ካላለ፤ አባት እሺ አይል እህት ካልነቀነቀች።

እህትየው እትዬ ውድነሽ ከሶፋው ጥግ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጋሽ ዘውገን ከልጅነት ጀምሮ ያውቋቸዋል፤ ስለዚህ አንተ ነው የሚሏቸው። ስልኩን አዩት፣ ጋሽ ዘውገን አዩዋቸው፣ እንደገና ስልኩን አዩት። «አንተ ዘውገ፣ አርባ ቤት በምላስህ አሸነፍክ፤ ዛሬ ደግሞ የሚያለቅስልህ ስልክ ይዘህ መጣህ? እኔ በስልክ ለቅሶ አልነቀንቅም። ልጅቷ እዚህ ፊቴ ወጥታ፣ ዓይኗን እያየሁ ትናገር» አሉ።

«ሰባ አምስት» አሉ አቶ ሙላት።

ትርሲት ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ውስጥ ነበረች፤ ሁሉንም ትሰማለች። ሚልኪያስን ትወደዋለች፣ ሳቋ እንዳይሰማ አፏን ይዛለች። ግን እንዴት ትውጣ? ግማሽ ጭንቅላቷ ሹሩባ ተሠርቷል፣ ግማሹ እንደ ጥድ ቆሟል። «አክስቴ፣ በዚህ ጸጉር ሽማግሌ ፊት አልወጣም» አለች። «ሹሩባው ይለቅና እወጣለሁ።»

እናንተስ ብትሆኑ ትወጡ ነበር? እንግዲህ ከረሜላ አይበላ አፍ ካልተከፈተ፤ አፍ አይከፈት አባት እሺ ካላለ፤ አባት እሺ አይል እህት ካልነቀነቀች፤ እህት አትነቀንቅ ልጅት ካልወጣች፤ ልጅት አትወጣ ሹሩባ ካላለቀ።

ሹሩባውን የምትሠራው ጥሩወርቅ ናት፣ የትርሲት የወንድሟ ሚስት። «ጥሩዬ፣ ቶሎ በይ እንጂ» አሉ አባትየው በመጋረጃው በኩል። ጥሩወርቅ ጉልበቷ ላይ የሰባት ወር ልጇን ይዛለች፣ ሕፃኑም እንደ ጉድ ያለቅሳል። «በየትኛው እጄ? አንድ እጄ ሕፃኑን ይዟል። ሹሩባ በአንድ እጅ ሲሠራ ማን አይቷል? መጀመሪያ ይተኛልኝ» አለች።

ሕፃኑ እንዳይተኛ ያደረገው ደግሞ ውሻው ነው። ቦቢ ይባላል፤ መስኮቱ ሥር ታስሮ ጎረቤቱን ሁሉ በጩኸት ያናውጣል። ሕፃኑ ዓይኑን ሊከድን ሲል ቦቢ ይጮሃል፣ ሕፃኑ ብርግግ ይላል። አቶ ሙላት በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ዝም በል አንተ» ቢሉት ጭራሽ ባሰበት። ቦቢ እንዲህ ያለ ውሻ አልነበረም፤ ሌባ ሲመጣ እንኳ የሚያንቀላፋ ነበር። ዛሬ ያስጮኸው የስልኩ ጢጢታ ነው። ስልኩ ጢጢ ሲል ቦቢ ይመልስለታል፤ አንዱም ለአንዱ አይሸነፍም።

«ታዲያ ስልኩን ዝም አሰኙት» አሉ አቶ ተክሌ።

አቶ ሙላት ቢጫኑት ቢያገላብጡት፣ ወይ ፍንክች። ዝም ይልና ተመልሶ ይጮሃል። ማህሌት አባቷን ታውቃቸዋለች፤ በቀላሉ ዝም እንዳይል አድርጋ ነው ያዘጋጀችው። «ስልኩማ ዝም የሚለው ስኳሩ ሲወጣ ነው» አሉ አቶ ሙላት። «ስኳሩ የሚወጣው ደግሞ ከረሜላው ሲበላ ነው። ስልሳ ስምንት ገብተናል።»

አያችሁልኝ? ዞረን ዞረን ከኪሳቸው ደረስን። ከረሜላ አይበላ አፍ ካልተከፈተ፤ አፍ አይከፈት አባት እሺ ካላለ፤ አባት እሺ አይል እህት ካልነቀነቀች፤ እህት አትነቀንቅ ልጅት ካልወጣች፤ ልጅት አትወጣ ሹሩባ ካላለቀ፤ ሹሩባ አያልቅ ሕፃን ካልተኛ፤ ሕፃን አይተኛ ውሻ ዝም ካላለ፤ ውሻ ዝም አይል ስልክ ዝም ካላለ፤ ስልክ ዝም አይል ከረሜላ ካልተበላ!

ጋሽ ዘውገ ይሄን ሁሉ ቆመው ይሰማሉ። ላብ አጠመቃቸው። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ከንፈራቸው ደነዘዘ። ፈሩ። መውደቁን ፈሩ፤ ከመውደቁ ይልቅ ግን «ዘውገ ቃሉን በላ» መባልን ፈሩ። እጃቸው ከረሜላውን ኪስ ውስጥ አንቆ ይዞታል። መጠቅለያው ሲንኮሻኮሽ ለራሳቸው ይሰማቸዋል። አንዴ አውጥተው አዩትና መልሰው ከተቱት። አይ ግትርነት!

«ስልሳ አራት» አሉ አቶ ሙላት። «ጋሼ፣ በእኔ ሞት ይብሉ።»

«አንድ ጊዜ ልለምን» አሉ ጋሽ ዘውገ። የበሩን መቃን ተደገፉ። «አቶ ተክሌ... እኛ የመጣነው ልጃችሁን ትርሲትን፣ ለልጃችን ለ... ለልጃችን...»

ስሙ ጠፋቸው። አርባ ጎጆ ያቆመ ምላስ አንድ ስም አጣ። «ለ... ለመላኩ? ለሚካኤል?» አሉ። ዓይናቸው ይቅበዘበዛል።

አቶ ሙላት እንኳ ስሙን ለማቀበል አፋቸው ተሳሰረ። እትዬ ውድነሽ ከዘራቸውን ጨብጠው ብድግ አሉ። ጋሽ ዘውገ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ቃል ጠፍቷቸው አያውቅም፤ እህስ፣ ይሄ ማስመሰል አይደለም። ሴትዮዋ አሁን ደነገጡ። ግን መሐላው የሚፈታው በአባትየው እሺታ ነው፤ እሳቸውም ቢሆኑ «ልጅቷ ወጥታ ትናገር» ብለው በሰው ፊት ተናግረዋል።

«ሚልኪያስ» አለ አንድ ድምፅ።

መጋረጃው ተገለጠ። ትርሲት ወጣች። ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቷል፣ ግማሹ ቆሟል፣ ሚዶው እንደተሰካ ነው። በእጇ ስኳር የበዛበት ሻይ በብርጭቆ ይዛለች። ሽማግሌ አላፈረችም፣ አክስቷን አላፈረችም።

«ስሙ ሚልኪያስ ነው» አለች። «እኔ የምፈልገውም እሱን ነው። ጋሽ ዘውገ፣ እርስዎ ለእኔ ብለው እዚህ በር ላይ ከወደቁ፣ እኔ በየትኛው ፊቴ ነው የማገባው? ይጠጡልኝ።»

እትዬ ውድነሽ ዓይኗን አዩት። ማየትስ አዩ። እና ነቀነቁ።

እንግዲህ ያዙኝ፣ መልሱን በአንድ ትንፋሽ ልበለው። ልጅት ወጣች፣ እህት ነቀነቀች፤ እህት ነቀነቀች፣ አባት «ተሰጥታለች፣ ሰጥቻለሁ» አለ፤ አባት እሺ አለ፣ አፍ ተከፈተ፤ አፍ ተከፈተ፣ ሦስቱም ከረሜላ ተከታትለው ገቡ፣ ሻዩም ተጨለጠ፤ ስኳሩ ቀስ በቀስ ወጣ፤ ስኳሩ ወጣ፣ ስልኩ ዝም አለ፤ ስልኩ ዝም አለ፣ ቦቢ ዝም አለ፤ ቦቢ ዝም አለ፣ ሕፃኑ ተኛ፤ ሕፃኑ ተኛ፣ የጥሩወርቅ ሁለቱም እጅ ተፈታ፤ ሹሩባውም አለቀ!

ስልኩ ዝም ያለው ግን ጋሽ ዘውገ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አቶ ሙላት ቁጥሩን ይጠሩ ነበር፤ ስልሳ አንድ ደርሶ ቆመ፣ ስልሳ አምስት አለ፣ ሰባ ሦስት አለ፣ ሰማንያ ስድስት ሲል ሰው ሁሉ ተነፈሰ። እትዬ ውድነሽ በእጃቸው ጨጨብሳ አምጥተው ጋሽ ዘውገ ፊት አስቀመጡ። «ብላ፤ ደግሞ ይሄን ስልክ ለሌላ ሽማግሌ እንዳታውሰው፤ የከተማው ልጅ ሁሉ በአንድ ቀን ተድሮ ያልቃል» አሏቸው። ጋሽ ዘውገ ሳቁ። አፋቸው ሙሉ ነበር።

ወዲያው ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ክው አለ። ማህሌት ነበረች። የአባቷ ስኳር በእሷም ስልክ ይታያል፤ መስመር እምቢ እያላት ስትደውል ቆይታ አሁን ነው የያዘላት።

«አባዬ፣ ስልሳ አንድ ገብተህ ነበር። ከረሜላ አልያዝክም እንዴ?»

«ይዣለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልበላህም?»

ጋሽ ዘውገ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቃል ገብቼ ነበር፣ ልጄ። ሽማግሌ ሆኜ...»

«ለእኔስ የገባኸው ቃል?» አለች። «ሲጮህ እበላለሁ ብለህ ምለህልኝ አልነበር? እኔ ሰው አይደለሁም?»

የጋሽ ዘውገ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይቅር በይኝ፣ ማህሌቴ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ለሰው ለምነው እንጂ ለራሳቸው ተለማምጠው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። እሷም «አሁን ምን እየበላህ ነው?» አለች።

«ጨጨብሳ።»

«ብላ በቃ፣ ብላ» አለች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም፤ ሲያላምጡ እየሰማች ቆየች።

የእኔም ተረት እዚህ ላይ ነው። እሳቸው አፋቸውን ከፍተዋልና እኔ የእኔን ልዝጋ።