ትርሲት የመረጠችው ማከማቻ

አንዲት ትርሲት የምትባል ሴት በአንድ ከተማ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ነበራት። ከታናሽ ወንድሟ ከይገረምና ከሦስት ሠራተኞች ጋር ትሠራለች። በከተማው ያገባ ሰው ሁሉ በእነሱ ካሜራ ያልፋል ማለት ይቻላል። ሙሽሮች ሲስቁ፣ አማቶች ሲጨፍሩ፣ ሚዜዎች ሲደናቀፉ፣ ሁሉም እነሱ ዘንድ አለ።

ችግሩ የቱ ሠርግ የት እንዳለ አለመታወቁ ነበር። አንዱ ሠርግ በይገረም ላፕቶፕ ላይ፣ ሌላው መሳቢያ ውስጥ ከተከመሩት ሃርድ ዲስኮች በአንዱ ላይ ይገኛል። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ ቪዲዮዋን ወስዳ ዘመድ ሰብስባ ብትከፍተው፣ ባሏ ቀርቶ እሷ ራሷ የለችበትም። የሌላ ሰው ሠርግ ነበር።

ትርሲት ይቅርታ ጠይቃ ከሸኘቻት በኋላ ወደ ወንድሟ ዞረች። “በቃ! ሥራው ሁሉ አንድ ላይ የሚቀመጥበት፣ ሁላችንም ከየኮምፒውተራችን በኔትወርክ የምንገባበት ማከማቻ እንገዛለን” አለችው።

መጀመሪያ የገቡበት ሱቅ ሻጩ ምንም ሳይጠይቃቸው ትልቁን አሳያቸው። አሥራ ሁለት ዲስክ የሚጎርስ፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ሳጥን ነው።

“ለእናንተ ስም የሚመጥነው ይሄ ነው” አላቸው።

ይገረም ዓይኑን ከመብራቱ መንቀል አቃተው። “እታለም፣ ደንበኞች በሚያዩት ቦታ ብናስቀምጠውስ?”

ትርሲትም ወደደችው። ግን አንድ ቦታ ብቻ ጠይቃ መግዛት ልማዷ ስላልሆነ ሌላ ሱቅ ገባች። እዚያ የምትሠራው ሐያት የምትባል ባለሙያ ዕቃ ከማሳየቷ በፊት ወንበር ሰጠቻቸው።

“ከምታስቀምጡት ውስጥ፣ ቢጠፋ መልሳችሁ ልትሠሩት የማትችሉት የቱ ነው?” ስትል ጠየቀቻቸው።

“ሠርግ እኮ ነው የምንቀርጸው” አለች ትርሲት። “የትኛው ሠርግ ነው የሚደገመው?”

“እንግዲያው ሁሉም ነው። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይሠራበታል? በዓመት የምትቀርጹትስ ምን ያህል ቦታ ይፈጃል?”

“ሰዉ አምስት ነው፤ ቦታውን ግን ለክተን አናውቅም” አለች ትርሲት። ሐያት ሳቀች። “እሱን ሳታውቁ እኔም ምን እንደምሸጥላችሁ አላውቅም። አይታችሁ ተመለሱ።”

“ልግዛ ብሎ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል?” አለ ይገረም መንገድ ላይ። “ይቺ ልጅ መሸጥ አትችልበትም!”

ቢሮ ተመልሰው ያላቸውን ሁሉ ሲደምሩት፣ የትልቁን ሳጥን ሩብ እንኳ አይሞላም። ወደ ሐያት ተመልሰው ይህን ሲነግሯት አራት ዲስክ የሚይዝ መካከለኛ ሳጥን አቀረበችላቸው። አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሌሎቹ ሥራውን ሳያቋርጡ እንደሚይዙት አስረዳቻቸው። ቀጥላ ግን ያልጠበቁትን ነገር ተናገረች።

“ትልቁን ከመግዛት፣ እንደዚህ ያለ ሁለተኛ ግዙና ሌላ ሰፈር አስቀምጡት። ቢሯችሁ የሚቀረው በየቀኑ የሥራችሁን ቅጂ በኢንተርኔት ይልክለታል።”

“ማንም የማይሠራበትን ዕቃ ልግዛ?” አለች ትርሲት።

“ሌባ ቢገባ ወይም እሳት ቢነሳ አራቱም ዲስኮች አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። አብረው ነው የሚሄዱት።”

ትርሲት ትንሽ አሰበችና ሁለቱን ገዛች። አንዱ ሥራ ቦታ ተተከለ። ሌላው ከከተማው ማዶ እናታቸው ቤት፣ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

“ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?” አሉ እናታቸው።

“ሠርግ ይጠብቃል” አለ ይገረም።

“ከማን?”

“ከእኛም ጭምር፣ እማዬ።”

ከዚያ በኋላ አንድ የማይረሳ ሠርግ ቀረጹ። ሙሽራው አቶ ደምሰው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሙሽራዋ ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ጎረቤታቸው ናቸው። ሁለቱም የትዳር ጓደኛቸውን በሞት አጥተው ብቻቸውን ሲኖሩ፣ የገዛ ልጆቻቸው መክረው ዳሯቸው። አቶ ደምሰው አዳራሹ መሃል ማይክ ተቀብለው ለሙሽራቸው የገጠሙትን ዘፈን ጀመሩ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ፣ ግጥሙም ጠፋቸው። ወይዘሮ አስካለ ከአጠገባቸው ሆነው ቃሉን እያቀበሉ አስጨረሷቸው። ሕዝቡ በሳቅና በእልልታ አበደ።

“የሰማ ሰማ! ከእንግዲህ በሕይወቴ አልዘፍንም” አሉ ሙሽራው ማይኩን ሲመልሱ።

በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ትርሲት ሥራ ቦታዋን ስትከፍት ወለሉ ኩሬ ሆኗል። ከላይኛው ፎቅ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ እሑድን ሙሉ ሲፈስ ውሏል። ይገረም ማከማቻውን ሲያነሳው ውሃ ከውስጡ ተንዠቀዠቀ። በስልክ የተጠራችው ሐያት ከፍታ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። “ይሄን ተዉት። እናታችሁ ቤት ሂዱ።”

በዚሁ መሃል አቶ ደምሰውና ወይዘሮ አስካለ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሩ ላይ ደረሱ። “ልጄ፣ ቪዲዮአችን ደረሰ?”

ትርሲት መዋሸት አልፈለገችም። “አባባ፣ ውሃ ገብቶብናል። ቅጂው እናቴ ቤት መኖር አለበት፤ ግን ሳላየው እርግጠኛ አልሆንም።”

“ታዲያ ምን ያስቆመናል? እኔ እነዳለሁ!” አሉ አቶ ደምሰው።

በእሳቸው መኪና ሁሉም ተጭነው ሄዱ። ይገረም ላፕቶፑን ከማከማቻው ጋር አገናኘ። የሠርጎቹ ስም ተደርድሮ ወጣ። የመጨረሻውን ሲከፍተው የአቶ ደምሰው የተሰነጠቀ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ወይዘሮ አስካለ እልልታቸውን አቀለጡት። የትርሲት እናት ብድግ ብለው አጨበጨቡ፤ ዘፋኙ በኮፍያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትርሲት እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

“እታለም፣ ያን ትልቁን ገዝተነው ቢሆንስ?” አለ ይገረም በጆሮዋ።

“በትልቁ ይረጥብ ነበር!” አለችው።

ብዙዎቻችን ለሥራችን ዕቃ ስንመርጥ ስለ ዕቃው እንጠይቃለን፤ ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ሰው ምን እንደሚልለት። ትርሲትን ያዳናት ግን በሐያት መሪነት ስለ ራሷ መጠየቋ ነው። ምን እንዳላት፣ የትኛው እንደማይተካ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ በየት በኩል እንደምትመለስ አስቀድማ አሰበች። ዕቃው የተመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተስ፣ ቢጠፋ መልሳችሁ የማታገኙት ነገር ዛሬ ስንት ቦታ ተቀምጧል?