የሸማኔው ልጅ እግሮች

«አንድ ሸማኔ ነበረ» አሉ መሪጌታ ፍሥሓ፣ የስፖርት መምህሩ ጥያቄውን ሲጨርስ። መምህሩ የጠየቃቸው፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ሲሮጡ ዓይነ ስውራኑን ዛፍ ሥር ማስቀመጡ ደግነት ነው ወይስ በደል ብሎ ነበር።

ሸማኔው አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ ነበረችው። እናቷ ሞታለች። እንቅፋት እንዳይመታት ብሎ ከደጅ አያወጣትም። ውኃ ያቀርብላታል፤ መቀመጫዋን ያነጥፍላታል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ በጎረቤት በቅሎ ጭኖ ነው የሚወስዳት። አገሩ ሁሉ አባትነቱን ያመሰግን ነበር። ልጅቷ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ከጓዳ እስከ በር ደርሳ ስትመለስ ታለከልክ ጀመር።

አንድ ቀን ሸማኔው የቤቱን ክዳን ሊጠግን ወጥቶ ወደቀና ጭኑ ተሰበረ። ጎረቤቱ ሁሉ ገበያ ሄዷል። ሰው የሚገኘው ዳገቱ ላይ ካለው ወፍጮ ቤት ብቻ ነው። ልጅቷ የወፍጮውን ድምፅ ተከትላ ወጣች። ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቷ ከዳትና ተቀመጠች፤ ድምፁ እየተሰማት መድረስ አቃታት። ሲመሽ ከገበያ የተመለሱ ሰዎች አግኝተዋት ነው አባቷን ያነሡት።

ወጌሻው አስሮለት ሲሄድ ሸማኔው አለቀሰ። ልጁ ባለማየቷ መንገድ የጠፋት መስሎት ነበር።

«አባዬ» አለችው፣ «መንገዱስ አልጠፋኝም። ያጣሁት ትንፋሽ ነው።»

ሸማኔው ተኝቶ በከረመበት ጊዜ ረጅም ገመድ ገመደ፤ ከደጁ ራቅ ብሎ እስካለው የሾላ ዛፍ ድረስ በሰው አስወጠረው። ልጅቷ አንድ እጇን ገመዱ ላይ አድርጋ መጀመሪያ ተራመደች፤ ሰንብታ ሮጠች። ወደቀችም፤ ጉልበቷ ደማ። ዓመቱ ሲዞር ከመንደሩ ሴቶች ጋር እንጨት ተሸክማ ዳገቱን ትወጣ ነበር። ሸማኔው እስኪሞት ድረስ ስትሮጥ ለማየት ልቡ አልቻለም፤ ፊቱን ያዞራል። ቢሆንም ክረምት በወጣ ቁጥር ያረጀውን ገመድ ይቀይርላት ነበር።

መሪጌታ ወደ መምህሩ ዞሩ።

«ያ ሸማኔ አንተ ነህ፣ ልጄ። ማዘንህ እውነት ነው፤ እሱም ያዘነው ከልቡ ነበር። ነገር ግን ዛፍ ሥር ስታስቀምጣቸው ከመውደቅ ያዳንካቸው ይመስልሃል እንጂ ጉልበታቸውን እየነሣሃቸው ነው። ነገ ሌሎቹን ስታሰልፍ እነሱንም አስነሣ። ሲወድቁ ልብህ አይችል ይሆናል፤ እሱን ቻለው። የዓይናቸው ነገር በእጅህ አይደለም። የእግራቸው ነገር ግን በእጅህ ነው።»