አዞ የሚያበላት ወፍ

ተረት ተረት ልላችሁ ነው፤ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድምፅዋ የሚያማልል አንዲት ወፍ ነበረች። ወንዝ ዳር ካለ ዋርካ ላይ ሆና «በዚህ ተሻገሩ፣ ውኃው ጥሩ ነው!» ስትል አራዊት ሁሉ ይከተሏታል። ከውኃው ውስጥ ግን አዞ ያደባል። አዞው በልቶ ሲጨርስ ወፏ ከጥርሱ መሃል ሥጋ እየለቀመች ትጠግባለች።

ወደ ውኃው ከሚገባው የሚወጣው እያነሰ ሲሄድ ዝሆን ተቆጣ። «ከእንግዲህ ውኃውን ከማወደስሽ በፊት የማንን እንደምትበዪ ተናገሪ!» አላት።

«እሺ ጌታዬ» አለች። ግን ውዳሴዋን እስከ መጨረሻው ትዘፍንና «የምበላው የአዞን ነው» የምትለውን በሹክሹክታ ታስከትላለች። ያን ጊዜ ተሻጋሪው ውኃው መሃል ደርሷል።

ይህን የሰማው ዝሆን መጥቶ ዋርካው ሥር ቆመ። «መጀመሪያ ነው ያልኩሽ! ጮክ ብለሽ!»

ሚዳቋ ግልገሏን አስከትላ መጣች። ወፏ ዝሆኑን በጎን አየት አድርጋ ጮኸች፦ «የምበላው የአዞን ነው! ውኃው ጥሩ ነው!»

ሚዳቋ ውኃው ውስጥ የነከረችውን እግሯን መለሰች። «እሰይ! እንኳን ነገርሽኝ፣ እህቴ» አለችና ግልገሏን ላስ ላስ አድርጋ በላይኛው መሻገሪያ ሄደች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ግን ሰው እያየ ስጡኝ።