ብርቄ፣ ዶሮዋና የማንጠግቦሽ በርበሬ

ተረቴን ላስነሳ ነው፤ ተሳፈሩ። በሩን ገጨት አድርጋችሁ ዝጉት፤ በልስላሴ አይዘጋም።

በአንዲት ወይና ደጋ ከተማ ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ሸራ የምታህል ፀሐይ። ግንቦት እያለቀ ነው፤ ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ማጉረምረም ጀምሯል፤ ቀንጥሳ ያዘጋጀችው የዓመት በርበሬ ደግሞ ገና እርጥበት አለው። ክረምቱ ሳይገባ ካልደረቀ ይሻግታል። ከሻገተ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ አልጫ ሊበላ ነው። አልጫ ክፉ ምግብ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲሆን ግን ባልና ሚስት ያኳርፋል።

ግቢው ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የጎረቤት ፎቅ፣ በሌላ በኩል የአቮካዶ ዛፍ ፀሐዩን ተካፍለውታል። የተረፈችው አንዲት ቦታ መሀል ላይ ናት፤ እዚያች ላይ ደግሞ ብርቄ ቆማለች።

ብርቄ የባሏ የይስማው መኪና ናት። ዕድሜዋን ሊብሬው ያውቃል፤ ሊብሬው ግን ደብዝዟል። ኪሎሜትር ቆጣሪዋ መቶ ሺህ በሞላ ቁጥር ዞሮ ዜሮ ይገባል። አራት ጊዜ ዜሮ ገብቶ፣ በአምስተኛው ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ደከመውና ቆመ። ስለዚህ ይስማው መኪናህ ስንት ሄዳለች ሲሉት "ዘጠኝ ኪሎሜትር" ይላል፤ ላላመነው ቆጣሪውን ያሳያል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አንድም አልሄደች። ሞተሯ አልነሳ ብሎ ቆማለች። ይስማው እሑድ እሑድ ያጥባታል፣ ይወለውላታል፤ ቅርጫት እንኳ አያስጠጋባትም። ሰፈሩ የይስማውን ስም ከረሳው ቆይቷል። የሚጠራው "ባለመኪናው" እያለ ነው።

ማንጠግቦሽ ሸራዋን በክንዷ አንጠልጥላ መኪናዋ ፊት ቆመች።

"ብርቄ ብርቄ፣ ተነሺልኝ። በርበሬዬ ፀሐይ አያይም።"

"አልነሳም" አለች ብርቄ። "ይስማው ወይ ያሠራኝ፣ ወይ ይሽጠኝ። ቁርጡን ካልተናገረ ንቅንቅ አልልም።"

እውነቷን ነው። ዓመት ሙሉ እንዲህም እንዲያም ሳይሉት የቆመ ፍጡር እንዲያውም ብዙ ታግሷል። ማንጠግቦሽ ወደ ባሏ ሄደች። የጎን መስታወቱን በጨርቅ እያሻሸ አገኘችው።

"ይስማው ይስማው፣ ቁርጡን ተናገር። ብርቄ አትነሳም፣ በርበሬዬ ፀሐይ አያይም።"

"ምን ብዬ ልናገር?" አለ ይስማው። "ካልተሠራች ማን ይገዛታል?"

"እንግዲያው አሠራት።"

"ከተሠራችማ ለምን እሸጣታለሁ?"

"እንግዲያው አሠርተህ ንዳት።"

"አርጅታለች እኮ። እሷን ከማሠራት መሸጥ አይሻልም?"

ማንጠግቦሽ ቁጭ ብላ ነገሩን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አሰበችው፤ ጫፍ የለውም። ይስማውም ሲጨንቀው "ደላላው ገዢ ያምጣ" አለ። "የገዢ ዓይን ሳላይ ቁርጥ አልናገርም።"

ደላላው ደምላሽ አደባባዩ ዳር ይቀመጣል። ቤት ያከራያል፣ መኪና ያሻሽጣል፣ ሲለመን ለትዳርም ያገናኛል።

"ደላላ ደላላ፣ ገዢ አምጣ። ይስማው ቁርጡን አይናገርም፣ ብርቄ አትነሳም፣ በርበሬዬ ፀሐይ አያይም።"

"ስንት ሄዳለች፣ እትዬ?"

"ዘጠኝ።"

"ዘጠኝ ምን?"

"ዘጠኝ ኪሎሜትር።"

ደምላሽ በሥራ ዘመኑ ብዙ ነገር አጋንኗል፤ ይህን ያህል ግን ደፍሮ አያውቅም። በአክብሮት ብድግ አለ። "እትዬ፣ ሳላያት ወደድኳት። ነገር ግን የዘንድሮ ቦሎ መስታወቷ ላይ ካልተለጠፈ ገዢ አላመጣም። ምርመራ ማለፏን የሚመሰክርላት ቦሎው ነው። እኔም ስም አለኝ።"

ማንጠግቦሽ ቦሎ ወደሚለጠፍበት ሄደች። መርማሪው ከአንዲት ትንሽ መስኮት ኋላ ተቀምጧል። ከመስኮቱ ፊት ሰልፍ አለ፤ ከሰልፉ ፊት ደግሞ ቦታ ይዘው የሄዱ ሰዎች ያስቀመጡት ድንጋይ አለ። ለድንጋዮቹም ተራቸውን ጠብቃላቸው ደረሰች።

"መርማሪ መርማሪ፣ ቦሎ ለጥፍ። ደላላው ገዢ አያመጣም፣ ይስማው ቁርጡን አይናገርም፣ ብርቄ አትነሳም፣ በርበሬዬ ፀሐይ አያይም።"

"እናቴ፣ ያሳጥሩት፤ ሰልፍ አለ።"

"እኔስ ማሳጠር ጠልቼ መሰለህ?"

"መኪናዋ በራሷ ጎማ መጥታ በራሷ ፍሬን ካልቆመች ቦሎ አልለጥፍም።"

"ፎቶዋን ባመጣልህስ?"

"ፎቶ ፍሬን የለውም" አለ መርማሪው። "መካኒኩ ይሥራትና ይምጡ።"

መካኒኩ አዳሙ አንድ የጭነት መኪና ሥር ገብቶ ነበር። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ማንጠግቦሽ ለእግሩ ሰላምታ ሰጥታ ጀመረች።

"መካኒክ መካኒክ፣ ሞተር ፍታ። መርማሪው ቦሎ አይለጥፍም፣ ደላላው ገዢ አያመጣም፣ ይስማው ቁርጡን አይናገርም፣ ብርቄ አትነሳም፣ በርበሬዬ ፀሐይ አያይም።"

አንደኛው እግር በሐዘኔታ ተነቃነቀ። "እትዬ፣ ባለፈው ሰሞን መጥቼ ኮፈኑን ከፍቼው ነበር" አለ አዳሙ ከሥር። "ሞተሩ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። እኔ የታቀፈች ዶሮ አላስነሳም። እንቁላሉ ቢቀዘቅዝ እናቴ ዓይንህን አላይም ትለኛለች።"

ማንጠግቦሽ አፏን ያዘች። ዶሮዋ የራሷ ናት። አሥራ ሦስት እንቁላል፣ ጎደሎ ቁጥር እንዲሆን ተጠንቅቃ ቆጥራ የሰጠቻትም ራሷ ናት። ለመታቀፊያ ጥሩ ሣጥን አዘጋጅታላት ነበር፤ ዶሮዋ ግን ሣጥኑን ንቃ በታች በኩል ሾልካ ብርቄ ውስጥ ገባች። እንቁላሉንም አንድ በአንድ ይዛ የተከተለቻት ይህችው ማንጠግቦሽ ናት። ምን ታድርግ፣ የታቀፈች ዶሮ አትገፋም። ቤቷ ተመለሰችና ኮፈኑን በስሱ ከፍ አደረገችው።

"ዶሮ ዶሮ፣ እቅፍሽን ልቀቂ። መካኒኩ ሞተር አይፈታም፣ መርማሪው ቦሎ አይለጥፍም፣ ደላላው ገዢ አያመጣም፣ ይስማው ቁርጡን አይናገርም፣ ብርቄ አትነሳም፣ በርበሬዬ ፀሐይ አያይም።"

"ጫጩቶቼ ሳይወጡ አለቅም" አለች ዶሮዋ። "ድመቷ እላዬ ላይ ተጋድማ እያለች ደግሞ አንዱንም አልፈለፍልም። ለእሷ ምሳ ላዘጋጅላት ነው እንዴ?"

ማንጠግቦሽ ቀና አለች። የማንም ያልሆነች አንዲት ግራጫ ድመት በብርቄ ጣሪያ ላይ ርዝመቷን ሁሉ ዘርግታ ተኝታለች።

"ድመት ድመት፣ ከጣሪያ ውረጂ። ዶሮዋ እቅፏን አትለቅም፣ መካኒኩ ሞተር አይፈታም፣ መርማሪው ቦሎ አይለጥፍም፣ ደላላው ገዢ አያመጣም፣ ይስማው ቁርጡን አይናገርም፣ ብርቄ አትነሳም፣ በርበሬዬ ፀሐይ አያይም።"

ይህን ስትጨርስ ትንፋሽ አጥሯት ብርቄን ተደገፈች። ድመቷ አንድ ዓይኗን ብቻ ገለጠች።

"አልወርድም" አለች። "በዚህ ግቢ ፀሐይ ያለው እዚህ ጣሪያ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ካለሽ አሳይኝና እወርዳለሁ።"

ማንጠግቦሽ ድመቷን አየች፣ ፀሐዩን አየች፣ ክንዷ ላይ ያለውን ሸራ አየች። ከተማውን ሙሉ ዞራ፣ ከእግር ጋር ሳይቀር ተነጋግራ የፈለገችው ፀሐይ እዚያው ጣሪያ ላይ ነበር። በራሷ ተናደደች፣ በይስማውም ተናደደች። ከዚያ ድመቷን ወደ ጠርዝ ገፋ አድርጋ ሸራውን በጣሪያው ላይ ዘረጋችና በርበሬውን አፈሰሰችበት።

ይስማው ጨርቁን እንደያዘ ሮጦ መጣ። "ብርቄ ላይ?"

"አልጫ ትፈልጋለህ?"

ይስማው አልጫውን አሰበ፣ ዓመቱን አሰበ፣ ተመልሶ ገባ።

የብርቄ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ከታች ያግላል፣ ከላይ ፀሐዩ ያግላል። ሁለት ቀን እንደዚህ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ማንጠግቦሽ በርበሬውን ስታገላብጠው ተንኮሻኮሸ። ደርቋል። ብናኙ ግን ብን አለና ጠርዝ ላይ ከተኛችው ድመት አፍንጫ ገባ። ድመቷ አነጠሰች። ደግማ አነጠሰች። በሰባተኛው ከጣሪያው ተፈናጥራ በአጥሩ ላይ አልፋ ሄደች። ማንጠግቦሽ በርበሬዋን ሰብስባ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተተች፤ ወዲያው ዝናቡ ጣለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ጥሩ ነበር። ግን በርበሬው መድረቁን ለሌሎቹ የነገራቸው የለም።

ድመቷ ወረደች፤ ስለዚህ ዶሮዋ እቅፏን ለቀቀች፤ አሥራ አንድ ጫጩት አስከትላ በታች በኩል ወጣች። ዶሮዋ ስትለቅ መካኒኩ መጣ፤ በሙሉ አካሉ ሲታይ ረጅም ሰው ነው። ሞተሩን ሊፈታ ዶሮዋ የታቀፈችበትን ጭድ ሲያነሳ፣ ከሥሩ ሽቦዎቹ መካከል የተሸጎጠች አሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ አገኘ። ዓመት ሙሉ ሲፈልጋት፣ ረዳቶቹን ሁሉ ሲጠረጥርባት የኖረ ቁልፉ ናት። አምና ዘይት ሲቀይር እዚያው ረስቷት ነው። ቁልፏን አወጣ፤ ሞተሩ ተነሳ። አዳሙም ምንም ሳይጠይቅ ፈጠን ብሎ ሄደ።

መካኒኩ ሲሠራ መርማሪው ቦሎ ለጠፈ፤ ብርቄ በራሷ ጎማ ሄዳ፣ በራሷ ፍሬን ከመስኮቱ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆማለታለችና። ከዚያ ተመልሳ ግቢው ውስጥ ቦታዋን ያዘች። ቦሎው ሲለጠፍ ደላላው ገዢ አመጣ። ገዢው ጫማው የተወለወለ ዝምተኛ ሰው ነው። ቆጣሪውን ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ አየውና "ብዙም አልሄደች" አለ። ደምላሽ ወደ ሰማይ ተመለከተ።

ገዢ ሲመጣ ይስማው የገዢ ዓይን አየ። እንግዲህ ማምለጫ የለውም። ሚስቱን አየ፤ ከልማድ የተነሳ ሸራው እስካሁን ክንዷ ላይ ነው።

"ውሰዳት" አለ። "ሚስቴም ፀሐይ ታግኝ።"

ይስማው ቁርጡን ሲናገር ብርቄ ተነሳች። ገዢው ሊሞክራት መሪውን ይዞ ወደ በሩ አዞራት፤ ደምላሽ በሩን ከፈተ። ብርቄ በለቀቀችው ቦታ ላይም፣ ማንጠግቦሽ እንደተመኘችው፣ አንድ ሸራ የምታህል ፀሐይ አረፈች። ሣሩ ነጥቷል። መሬቱ ርጥብ ነው፤ አውራ ጣት የሚያህል ጢንዚዛ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ይስማው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ሄዶ ቆመ። ጨርቁን ይዟል፤ የሚወለውለው የለም።

"ዓይንህ ምን ሆነ?" አለችው ማንጠግቦሽ።

"በርበሬው ነው።"

በርበሬው ከተሰበሰበ ሳምንት አልፎታል።

"ከነገ ጀምሮ ምን ብለው ይጠሩኛል?" አለ ይስማው ቀስ ብሎ።

"ይስማው ነዋ።"

"እሱንማ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።"

አንጀቷን በላት። ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር ቁርጡን እንዳይናገር የሚከለክለው ስንፍና ይመስላት ነበር፤ ፍርሃት መሆኑን ዛሬ አየች። ሄደችና ደምላሽ የከፈተውን በር ከብርቄ አፍንጫ ፊት ዘጋችው።

"ደምላሽ፣ እንግዳህን ይዘህ ውጣ። መኪናዋ ትቀራለች።"

"እትዬ፣ ካልተነሳች ብለው ከተማውን ያመሱት እርስዎ አይደሉም?"

"አዎ። ተነሳች፤ ቦታውንም አየሁት። አሁን መልሷት።"

"ለምን?"

"ጣሪያዋን እፈልገዋለሁ" አለች ማንጠግቦሽ። "ገና ሽሮ አለብኝ።"

ገዢው ወረደ፣ ደላላው ወጣ፣ ይስማው መሪውን ይዞ ብርቄን ወደ ቦታዋ መለሳት። ቆጣሪዋ ዘጠኝ ላይ ነው። ይስማው ጣሪያዋን በጨርቁ ወለወለውና በራሱ እጅ ሸራውን ዘረጋበት፤ ግራጫዋ ድመትም በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ያለው በርበሬ ይሁን ሽሮ ለማወቅ አሸተተች።

ተረቴ እዚህ ድረስ ነው። ወራጅ አለ፤ በሩ ከውጭ ነው የሚከፈተው።