ንግግሩ የዋጠው ጉድጓድ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። በዚህ ተረት ላም የለም፣ በረትም የለም፤ ያለው ቢሮ ነው። እናንተ «ማን እምቢ አለ?» በሉኝ፣ እኔ እነግራችኋለሁ። ከተናደድኩም ታገሡኝ፤ ይህን ነገር ሳልናደድ ማውራት አልችልበትም።

በአንድ ከተማ፣ በአንድ የውሃ ቢሮ ውስጥ፣ ይታይሽ የምትባል የከርሰ ምድር ውሃ አጥኚ ነበረች። ጥቁር ድንጋይ በሚባል ቀበሌ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስትለካ ከረመች፤ ውሃው የት እንዳለ፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደሚገኝ ሁሉንም በላፕቶፗ ይዛ ተመለሰች። በዚያ ቀበሌ ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት ገደል ወርደው ነው። ከዚያ በፊት አንዴ በግምት ተቆፍሮላቸው ደረቅ አፈር ብቻ ወጥቷል። ስለዚህ ያለ ይታይሽ ልኬት መሬቱን የሚነካ የለም።

አንድ ቀን ጠዋት የቁፋሮው መኪና መጥቶ ከቢሮው በር ላይ ቆመ። ዛሬውኑ ወደ ጥቁር ድንጋይ ካልሄደ ወደ ሌላ ወረዳ ይዞራል፤ ከዞረ ደግሞ ክረምቱ ሳይወጣ አይመለስም። ቆፋሪዎቹ ጥናቱን የሚያገኙት ከሰርቨሩ ነው፤ ሰርቨሩ ማለት የሠራተኛው ሁሉ ፋይል የሚቀመጥበት፣ ምድር ቤት ተቆልፎበት የተቀመጠው ትልቁ ኮምፒውተር ነው። እና ይታይሽ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፤ ፋይሏ ከላፕቶፗ ወጥቶ ሰርቨሩ ላይ እንዲገባላት። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

«እባክህ ላክልኝ» አለችው ላፕቶፑን።

ላፕቶፑ ሆዱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ አለ። «ታምሜአለሁ፤ ዛሬን መዋሌንም እንጃ» አላት። «መላኩን ጠልቼ አይደለም። ሰርቨሩ ካልተቀበለኝ ለማን ልስጥ? አልልክም።»

ፍላሽ እንዳትሉኝ! ቫይረስ ያመጣል ተብሎ የፍላሹ ቀዳዳ ሁሉ ተዘግቷል። ኢሜይልም እንዳትሉኝ፤ ፋይሉ ከብዶ አይሄድም። በእጅ ትገልብጠው የሚል ካለ ደግሞ ያን ሁሉ ቁጥር እሱ ራሱ መጥቶ ይገልብጥ። ላፕቶፑ አልልክም አለ፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ጥቁር ድንጋይ ውሃ የለውም።

ይታይሽ ምድር ቤት ወረደች። «ሰርቨር ሆይ፣ ተቀበል።»

«አልቀበልም» አለ ሰርቨሩ። «ሆዴ በንግግር ተነፍቷል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የቢሮው ኃላፊ አቶ ደምመላሽ አንድ ቀን ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ንግግሩም በቪዲዮ ተቀረጸ። ከዚያ «ይህ ንግግር በእያንዳንዱ ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ ይኑር» የሚል ትእዛዝ ወጣ። ላፕቶፖቹ ደግሞ ያላቸውን ሁሉ ሰርቨሩ ላይ እንዲገለብጡ ተደርገው የተሠሩ ታማኞች ናቸው። የሒሳብ ክፍሉ ንግግሩን አመጣ፣ የግዢው አመጣ፣ የስምሪቱ አመጣ፣ የጥበቃ ኃላፊው አመጣ። ያው አንዱ ንግግር! «ስንት ጊዜ ልዋጠው?» አለ ሰርቨሩ። «የአይቲው ጌጡ ካላጠፋልኝ አንዲት ፊደል አልቀበልም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁሉም ላፕቶፕ ላይ ‹አልተቀመጠም› የሚል ቀይ ምልክት ይበራ ነበር። ሠራተኛው አየው? አየው። ጠየቀ? አልጠየቀም፤ ለመደው። የቢሮው ሥራ ሁሉ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ሰው ሻይ ይጠጣል። እኔ በዚህ ነው የማብደው።

ማን እምቢ አለ? ሰርቨሩ አልቀበልም አለ፣ ላፕቶፑ አልልክም አለ፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ጥቁር ድንጋይ ውሃ የለውም።

ጌጡ የአይቲ ባለሙያው ነው። ይታይሽ ስትመጣ ወንበሩን ሳበላት።

«ጌጡ ሙት፣ ያን ንግግር አጥፋልኝ።»

«ይቱዬ፣ አንቺን ጠልቼ መሰለሽ?» አላት። «ላፕቶፑና ሰርቨሩ እኮ የተሳሰሩ ናቸው። እዚህ ካጠፋሁት ከየላፕቶፑም ይጠፋል። በሁሉም ላፕቶፕ ይኑር ተብሎ የታዘዘውን እኔ ጌጡ ላጥፋው? ነገ ማን ነው የሚጠየቀው? ወይዘሮ አስካለ ይዘዙኝ።»

«አንተስ እጅ የለህም?»

«እጅማ አለኝ። የሌለኝ ደጋፊ ነው።»

ጌጡ አላጠፋም አለ፣ ሰርቨሩ አልቀበልም አለ፣ ላፕቶፑ አልልክም አለ፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ጥቁር ድንጋይ ውሃ የለውም።

ወይዘሮ አስካለ የጌጡ ቡድን መሪ ናቸው። ሰው ሲቆጣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ይህ ደግሞ ሰውን የባሰ ያናድዳል።

«እትዬ አስካለ፣ ጌጡን ‹አጥፋ› ይበሉልኝ።»

«ቀስ በይ የኔ ልጅ፣ ግድግዳም ጆሮ አለው» አሉ ወደ በሩ እያዩ። «እኔ ‹ይጫን› ስባል አስጭኛለሁ። ‹አጥፋ› የሚል ቃል ግን ከአፌ አይወጣም። ትእዛዙን ያስተላለፈው ሕዝብ ግንኙነቱ ነው፤ እሱ ያንሳው።»

«ላፕቶፔ እየሞተ ነው እኮ!»

«እግዜር ይማረው» አሉ ወይዘሮ አስካለ። እግዜር ይማረው! ለላፕቶፕ!

ወይዘሮ አስካለ አላዝም አሉ፣ ጌጡ አላጠፋም አለ፣ ሰርቨሩ አልቀበልም አለ፣ ላፕቶፑ አልልክም አለ፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ጥቁር ድንጋይ ውሃ የለውም።

የሕዝብ ግንኙነቱ አቶ ሙሉሰው ስልክ ላይ ነበር። በጣቱ «ቆይ» አላት። ቆመች። ከስልኩ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ስለ በግ ዋጋ ነው የሚያወራው። ይታይሽ ፊቷ ቀላ፣ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። አቶ ሙሉሰው ስልኩን ዘጋ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ትእዛዙን አንሳልኝ። ንግግሩ ሰርቨሩን ሞልቶታል።»

«እሰይ! መሙላቱ ጥሩ ነው፤ መዳረሱን ያሳያል» አለ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከልቡ ነው የተናገረው። «አየሽ፣ ንግግሩ የእኔ ቢሆን አሁኑኑ ባነሣሁት። ባለቤቱ አሉ። እሳቸው ሳይፈቅዱ እኔ ማን ነኝ?»

ማን እምቢ አለ? አቶ ሙሉሰው አላነሣም አለ፣ ወይዘሮ አስካለ አላዝም አሉ፣ ጌጡ አላጠፋም አለ፣ ሰርቨሩ አልቀበልም አለ፣ ላፕቶፑ አልልክም አለ፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ጥቁር ድንጋይ ውሃ የለውም።

አቶ ደምመላሽ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ይታይሽ ላፕቶፑን በብብቷ ይዛ፣ በሩን ሳታንኳኳ በርግዳ ገባች። ስብሰባ የለም፤ ብቻቸውን ናቸው፤ ብርቱካን እየላጡ ነው።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ጊዜ የለኝም» አለች። ሁሉንም አንድ በአንድ ዘረገፈችላቸው። «አንድ ቃል ነው የምፈልገው። ‹ይጥፋ› ይበሉ።»

አቶ ደምመላሽ ብርቱካኑን አስቀመጡ። «ንግግሬ ይጥፋ? የትኛው ንግግር እንደሆነ ታውቂያለሽ? ለጥቁር ድንጋይ ሕዝብ ውሃ አስገባለሁ ብዬ ቃል የገባሁበት እኮ ነው! እንዲህ ያለ ቃል ይጠፋል? አይጠፋም!»

ውሃ አስገባለሁ ያለው ንግግር የውሃው መግቢያ ላይ ተጋድሞ አላሳልፍም ይላል፣ ሰውየውም አጠገቡ ቆሞ ይጠብቀዋል። ተረት አዋቂ ነኝ፤ የሚናገር ቀበሮም የሚያገባ ጅብም አውርቻለሁ። እንዲህ ያለውን ግን ፈጥሬ አላውቅም።

አቶ ደምመላሽ አይጠፋም አሉ፣ አቶ ሙሉሰው አላነሣም አለ፣ ወይዘሮ አስካለ አላዝም አሉ፣ ጌጡ አላጠፋም አለ፣ ሰርቨሩ አልቀበልም አለ፣ ላፕቶፑ በብብቷ ውስጥ ቀጭ... ቀጭ... እያለ ነው፣ የመኪናው ሾፌር ጡሩንባ ይነፋል፣ ጥቁር ድንጋይ ውሃ የለውም።

ይህን ጊዜ በተከፈተው በር እማማ እንጉዳይ ገቡ። እማማ እንጉዳይ የጥቁር ድንጋይ ሴት ናቸው፤ ለቆፋሪዎቹ መንገድ ሊመሩ መጥተው ከጠዋት ጀምሮ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። መቀመጡ ሰለቻቸው፤ ደረጃውን ወጡ፤ ከበሩ ውጪ ቆመው ሁሉንም ሰሙ።

«አንተ ነህ ደምመላሽ?» አሉ።

«አዎ እናቴ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ያን ንግግርህን ሰምቼዋለሁ። ፀሐይ ላይ አቁመኸን፣ ጀሪካኔ ከጀርባዬ ሳይወርድ ነው የሰማሁት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ንግግሩን ልጆቼ አልጠጡትም፣ አህያዬም አልጠጣችውም። አሁን ይቺን ልጅ የያዛት እሱ ነው?»

«እናቴ፣ ነገሩ የአሠራር...»

«እንግዲያው ስማኝ» አሉ እማማ እንጉዳይ፣ ሞባይላቸውን ከመቀነታቸው እየፈቱ። «ያ መኪና ባዶውን ከዞረ እኔ አልዞርም። አሁን ደውዬ የመንደሩን ሴቶች በሙሉ እጠራለሁ፤ ጀሪካናቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። ሽንት ቤትህ ውስጥ ቧንቧ አይቻለሁ፤ ውሃው ደግሞ ይንፎለፎላል። ከዚያ እየቀዳን እንመላለሳለን። መንገድ ላይ ‹ከየት ነው የቀዳችሁት?› ላለን ሁሉ ‹ከደምመላሽ ሽንት ቤት› እንላለን።»

ደወሉ፤ ስልኩ ጠራ። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ አንድ የሴት ድምፅ።

«ይጥፋ!» አሉ አቶ ደምመላሽ። «እናቴ፣ ይዝጉት! ይጥፋ ብያለሁ!»

አቶ ደምመላሽ ይጥፋ አሉ፣ አቶ ሙሉሰው ትእዛዙን አነሣ፣ ወይዘሮ አስካለ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው አዘዙ፣ ጌጡ አጠፋ፣ የሰርቨሩ ሆድ ጎደለ፣ ሰርቨሩ ተቀበለ፣ ላፕቶፑ ላከ። የይታይሽ ልኬት የመጨረሻው ቁጥር ሲገባ ላፕቶፑ አንዴ ቀጭ ብሎ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ አልበራም። ቀን ሙሉ የተለመነው ነገር ውሃ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። ታዲያ ጠዋት ምን ነበረበት? ንገሩኛ!

ይታይሽ የጠፋውን ላፕቶፗን አንሥታ ስትወጣ አቶ ደምመላሽ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ምስጋና የለም እንዴ?» አሏት ፈገግ ብለው።

«የለም» አለችና አልፋቸው ሄደች።

ቆፋሪዎቹ ጥናቱን አወረዱ፣ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። እማማ እንጉዳይ ጋቢና ገብተው ይታይሽን በእጃቸው ጠሯት።

«ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ጣጣ አንድ ሰውዬ ‹እሺ› እንዲል ነው?»

«አዎ እማማ። ለዚሁ ነው።»

እማማ እንጉዳይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛኮ እስከ ዛሬ ውሃ ያላወጣችሁልን ድንጋዩ ጠጥሮባችሁ ነው እያልን እናዝንላችሁ ነበር» አሉ።

መኪናው ወጣ፣ ተረቴም አለቀ። ዳቦው ይቅርብኝ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ያለው ያምጣልኝ።